የማህሌት ኮምፒውተርና የእኔ እጅ

እኔ መብራት የምፈራ ሴት ነኝ። የምፈራው ሲጠፋ አይደለም፤ ሲኖር ነው። ጨለማውን ሻማ ይገፋዋል። ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ የማይታይ፣ የማይሸት፣ የነካውን ሰው ግን አንቀጥቅጦ የሚጥል ነገር በምን ይገፋል? ሶኬት የምነቅለው እጄን በፎጣ ጠቅልዬ፣ የላስቲክ ጫማዬን አድርጌ፣ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነው። ፊቴን የማዞረው መሮጥ ካለብኝ አቅጣጫው እንዳይጠፋኝ ነው። ሰማይ ካጉረመረመ ቤታችን ውስጥ ተሰክቶ የሚቀር ዕቃ የለም። ሞባይሌን ሳይቀር አጠፋለሁ።

“እማ፣ ሞባይሉ እኮ አልተሰካም” ትለኛለች ልጄ ማህሌት።

“አለመሰካቱን መብረቁ በምን ያውቃል?” እላታለሁ።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮምፒውተር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንድታድር የተፈረደባት።

ማህሌት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ሰነበተች። እሷ ፈለገችው፤ እሱ ግን አልፈለጋትም። በመጨረሻ የሰርግ ቪዲዮ መሥራት ጀመረች። የሚቀርጸው ልጅ ሌላ ነው፤ እሷ ቤት ቁጭ ብላ የተቀረጸውን ትቆራርጣለች፣ ትቀጣጥላለች፣ ዘፈን ታለብሰዋለች፣ ሙሽራዋ ዞር ስትል ቀስ አድርጋ ታዞራታለች። ለዚህ ሥራ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛች። ቴሌቪዥን የሚመስለው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፣ የብረት ሳጥኑ ከጠረጴዛው ሥር፣ እኔ ደግሞ ከሳጥኑ ትንሽ ራቅ ብዬ አልጋዬ ላይ።

ያ ሳጥን ሥራ ሲይዝ ወፍጮ ቤት ያለህ ይመስልሃል። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይጮሃል፤ ከጀርባው የሚወጣው ትኩስ አየር እግሬን ይገርፈኛል። አንድ ክረምት የታጠበ ካልሲ ከኋላው ሰቅዬ ሻይ ሳይፈላ ደርቆ አገኘሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ይል ነበር። እኔ ግን ካልሲ ያደረቀ ነገር መጋረጃ ማንደድ አያቅተውም ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። “ማህሌቴ፣ ይሄ ነገር ይነዳል” ጠዋት እላታለሁ፣ ከሰዓት እላታለሁ። ከገበያ ስመለስ መጀመሪያ ቀና ብዬ የማየው መስኮታችንን ነው። ጭስ ከሌለው ደረጃውን እወጣለሁ።

ልጅም ሰው ናት፤ ሰለቻት። አንድ ቀን ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

“ተበላሸ?” አልኩ። በድምፄ ውስጥ ደስታ እንደነበረ አልክድም።

“አልተበላሸም፣ እየሠራ ነው። ንኪው።”

በፎጣ ነካሁት። ከዚያ ያለ ፎጣ ነካሁት። ለብ ያለ ነገር ነው፤ ሕፃን የሚታጠብበት ውኃ ይመስላል።

“ምን አድርገሽው ነው?”

“ፕሮሰሰሩ የሚወስደውን መብራት ቀነስኩለት። ቮልቴጁን ዝቅ አደረግኩት።”

“ፕሮሰሰሩ ማነው?”

“ዋናው ነው እማ። የሚያስበው እሱ ነው።”

“የሚያስበውን ነው ቀለብ የቀነስሽበት?”

“ከሚያስፈልገው በላይ ነበር የሚወስደው። የሚሞቀውም ለዚያ ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል።”

ሁሉም ሰው ማለት ኢንተርኔት ላይ ያሉ የማታውቃቸው ልጆች ናቸው። ቢሆንም መረቅኳት። እሳቱን ከቤቴ ያወጣች ልጅ ናትና። ያን ዕለት በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ተኛሁ።

ኮምፒውተሩ መውደቅ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምሳ ቀርቦ ቁጭ ብለናል። ማህሌት አንድ ጎርሳ ለሁለተኛው እጇን ስትዘረጋ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊው ላይ የተከፋ ፊት ወጣ፤ ዓይን አለው፣ ወደ ታች የተደፋ አፍ አለው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳልደርስ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ጽሑፉን አላውቀውም። ፊቱ ግን አማርኛ ነው። ሆድ የባሰው ሰው ፊት ነው። ከዚያ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ራሱን በራሱ አስነሳ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመልሶ መጣ።

“ሪስታርት አደረገ” አለች ማህሌት፤ ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይወድቃል ይነሳል ብለን እናልፈው ነበር። ግን ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የእትዬ አስካለ ልጅ ሰርግ ነው። እትዬ አስካለ የብሎካችን ሰው ናቸው፣ አንደኛ ፎቅ። ሰርጉ አልፏል፤ የቀረው እሑድ የሚደረገው ቅልቅል ነው። የሙሽራዋና የሙሽራው ቤተሰብ ግቢያችን ውስጥ በሚተከል ድንኳን አብረው ይበላሉ፣ ይተዋወቃሉ፣ የሰርጉን ቪዲዮ በትልቅ ቴሌቪዥን ያያሉ። የሙሽራው ወገን ከብስራተ ገብርኤል በአውቶቡስ ይመጣል። ለማህሌት የመጀመሪያዋ ትልቅ ሥራ ነው።

ሥራውን ስትቀበል ያለችኝን ልንገራችሁ፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። “ይሄ ካልተሳካ እማ፣ ከጓደኛዬ ጋር ዱባይ እሄዳለሁ። የቤት ሠራተኛም ቢሆን።” የምትጮኽ ልጅ ብትሆን አልፈራም ነበር። ማህሌት ግን ስታወራ የሽንኩርት ዋጋ የምትነግረኝ ይመስል ነበር። ሶኬት ለመንቀል ፎጣ የምጠቀልለው ሴት፣ ልጄ አውሮፕላን ተሳፍራ ሰው ቤት ስትገባ ምን እንደምጠቀልል አስቡት።

ማህሌት መጀመሪያ የጠረጠረችው የቀነሰችውን ቮልቴጅ ነው። “ወደ ነበረበት ልመልሰው” ስትል እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

“እሳቱን አትመልሺብኝ ልጄ። ሌላ ነገር ይሆናል። መጀመሪያ ሌላውን እዪው።”

ሩህሩህ ናት። “እሺ፣ ፈትኜ ልየው” አለችና አንድ ፕሮግራም አስነሳችበት። ኮምፒውተሩን ያለ ዕረፍት የሚያሠራ፣ ሸክም የሚያሸክም ፈተና ነው አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ተሸከመ። ንቅንቅ አላለም። “ቮልቴጁ አይደለም ማለት ነው” ብላ ፈተናውን ዘጋችው። እኔ ምሳ አቀረብኩ። ወደቀ።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሥራ ላይ እያለ አይወድቅም። የሚወድቀው እኛ ማዕድ ስንቀርብ ነው። የእሱን ቀለብ ቀንሰን እኛ ፊቱ ተቀምጠን እንጎራረሳለን። አምሮት ነው የሚጥለው። ይህን ለማህሌት አልነገርኳትም፤ የተማረ ልጅ ፊት የሚነገርና የማይነገር አለ። ዝም ብዬ በማግስቱ ምሳውን ከበራችን ውጭ፣ ኮሪደር ላይ ዘረጋሁት።

“እማ፣ ለምንድነው ደረጃ ላይ የምንበላው?”

“አየር አለው።”

ጋሽ ታደሰ ወደ ላይ ሲወጡ ደረሱብን። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። በደረጃው የሚያልፍ ነገር ሁሉ ይመለከታቸዋል።

“ኮሪደር የጋራ ነው” አሉ ቆም ብለው። “ዛሬ ምሳ ከተፈቀደ ነገ አልጋ ይወጣል።”

“እንብላ ጋሽ ታደሰ” አልኳቸው።

“ምንድነው እሱ፣ ምስር ነው?” አሉና የጋራው ኮሪደር ላይ ቁጭ አሉ። እየበሉ ጉዳዩን አወጣጡን፤ የኮምፒውተሩን መውደቅ፣ የእሑዱን መድረስ፣ ሁሉንም። ተነስተን ስንገባ ሰማያዊው ፊት ይጠብቀናል። ተደብቀን በመብላታችን ይበልጥ ተከፍቷል ብዬ አዘንኩለት።

ወሬው በጋሽ ታደሰ በኩል ወደ ታች ወረደ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስካለ ወደ ላይ ወጡ። የታመመ ሰው ለመጠየቅ እንደሚወጣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ነው የመጡት። ለኮምፒውተር ብርቱካን ምን ይሠራለታል ብላችሁ እንዳትስቁ፤ ባዶ እጅ መግባት አልሆነላቸውም። ከስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ዛሬስ እንዴት ዋለ?”

“ጠዋት ደህና ነበር” አልኩ። “ምሳ ላይ አንዴ ወደቀ።”

“ልጄስ፣ ውስጡ ደህና ናት?”

“ደህና ናት እትዬ” አለች ማህሌት። “ኬኩ ጋ ደርሳለች።”

“አደራሽን ማህሌትዬ። የባሏ አክስት አሉ፣ ታውቂያቸው የለ፣ ያቺ ረጅሟ። ሰርጉ ላይ ወንበሩ አነሰ ብለው እስከ ዛሬ ያወራሉ። ቪዲዮው የለም ከተባሉማ እኔ ከዚህ ሰፈር መልቀቄ ነው።” ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው ሳጥኑን “እግዜር ይማርህ” አሉት።

ማህሌት ያን ቀን “ራሙ ይሆናል” አለች። ራም ማለት ኮምፒውተሩ በእጁ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚያኖርበት ነው አለችኝ፤ እኔ እንደ ኪስ ነው የተረዳሁት። ኪሱ ተቀድዶ እንደሆነ ለማየት ከካሜራው ልጅ ሌላ ልትዋስ ተነሳች።

“እማ፣ እስክመለስ ፊት ለፊቱ ቁጭ በይልኝ። ማየት ብቻ ነው። ከወደቀ ትነግሪኛለሽ። ምንም እንዳትነኪ።”

ቁጭ አልኩ። ከመብራት ጋር ብቻችንን ቀርተን አናውቅም። ጥቂት እንደተያየን ስክሪኑ ፈዘዝ አለ፣ ከዚያ ጭልም አለ። ሄደ አልኩ። እጄ ሳላዘው ወጣና ማውሱን ገፋ አደረገው። ስክሪኑ በራ። ነፍሱ ተመለሰች።

እኔ ባደግሁበት አገር ራሱን የሚስት ሰው እንዲያሸልብ አይተውትም። ዓይኑ እንዳይከደን እያነጋገሩ፣ ጉንጩን መታ መታ እያደረጉ ያቆዩታል። እኔም እንደዚያ አደረግኩ። ማውሱን ይዤ እንደ ሽሮ አማሰልኩት፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ። “አይዞህ፣ እሑድ እኮ ቅርብ ነው” እለዋለሁ። ምንም እንዳትነኪ መባሌን አልረሳሁም። ግን አትንኪ ያለችው ሳጥኑን ነው ብዬ ተረጎምኩት። ማውስ ማንቀሳቀስ መንካት ከተባለ ጠረጴዛ መወልወልም መንካት ነው።

ማህሌት ተመለሰች። “ወደቀ?”

“አልወደቀም።”

“አንዴም?”

“ምን በወጣው።”

ግራ ገባት። ይዛው የመጣችውን ራም ቀየረች፣ እኔን አስቀመጠችኝ፣ አልወደቀም። ራሙ ነበር ብላ ደስ አላት፤ ምሳ ላይ ወደቀ። ገመዱን ቀየረች፣ እኔ ተቀመጥኩ፣ አልወደቀም። ገመዱ ነበር አለች፤ ምሳ ላይ ወደቀ። አቧራውን በብሩሽ አራገፈች፣ ዊንዶውሱን አጥፍታ እንደገና ጫነች፣ ቫይረስ ፈለገች። በየመሀሉ እኔ እየተቀመጥኩ አማስላለሁ፤ እሷ እየተመለሰች ተመስገን ትላለች፤ ምሳ እየቀረበ ይወድቃል። ልጄ ከሳች። በሌላው ጊዜ ሥራዋን ትሠራለች፣ ያኔ አይወድቅም፤ ዞር ባለች ቁጥር ግን ልቧ እዚያው ነው። ስልክ ከጓደኛዋ ሲደወል ወደ ኮሪደር ወጥታ ማውራት ጀመረች። ያቺ ጓደኛዋ የዱባይዋ ናት።

ምስጢሩን የፈታችው ዘምዘም ናት፤ ወይም ሁላችንንም ያሳሳተችን። ዘምዘም ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። ስኳር ልገዛ ወርጄ ሁሉንም ስነግራት መመዘኗን ትታ አየችኝ።

“የማህሌት እናት፣ አንቺ ስትቀመጪ ወድቆ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“አንቺ ስትነሺስ?”

“ያኔማ ይወድቃል።”

“እጅሽ ነው” አለች። “አላህ ለአንዳንድ ሰው ይሰጣል። የእኔ ፍሪጅ ከትናንት ጀምሮ አልቀዘቅዝም ብሎኛል፤ እስቲ ነይ ቁሚበት።”

“እኔ? ፍሪጅ? አብደሻል እንዴ ዘምዘም።”

“ቁሚበት አልኩሽ። ለስላሳው እየሞቀብኝ ነው።”

ፎጣ አስመጥቼ እጄን ጫንኩበት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንሽ እንደቆየሁ ፍሪጁ እንደሚያዛጋ ሰው አንድ ድምፅ አወጣና መሥራት ጀመረ። ማህሌት በኋላ እንደነገረችኝ ከዋዜማው ጀምሮ የደከመው የመንደሩ መብራት ያኔ ነበር የተስተካከለው። ግን ይህን ማን ይጠይቃል? ዘምዘም ቀዝቃዛ ለስላሳ በነፃ ሰጠችኝ፤ ዘምዘም በነፃ ስትሰጥ ያየ ሰው ስለነበረ ነገሩ ተአምር ለመሆኑ ምስክር አልጠፋም።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ መጡ።

“ኮሚቴው ወስኗል” አሉ። ኮሚቴው ማለት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። “ከውኃ ፓምፑ አጠገብ ትቆሚያለሽ።”

“ጋሽ ታደሰ፣ እኔ መብራት እፈራለሁ።”

“ሩቅ ሆነሽ ቁሚ። ጸጋ ርቀት አያግደውም።”

ሩቅ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ፓምፑ አጓራ፣ ውኃው ላይ ድረስ ወጣ። የውኃ ተራችን ያን ቀን እንደነበረ ማንም አላስታወሰም፤ እኔም አላስታወስኩ። ከዚያ በኋላ ያልመጣልኝ ዕቃ የለም። ቻርጅ የማይዝ ሞባይል፣ መሀል ላይ እየታነቀ የሚቆም ልብስ ማጠቢያ፣ ድምፅ ያጣ ራዲዮ። መብራት የምትፈራዋ ሴት የመብራት ሐኪም ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ማመን ጀመርኩ። ደረጃ ስወርድ ረጋ ብዬ፣ እጄን ከነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ሆነ፤ በከንቱ እንዳይፈስ።

ግን ጸጋ ያለው ሰውም መውጣት መግባት አለበት፤ እኔ በወጣሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይወድቃል። ሳምንቱ እያለቀ ነው። ሀና ማርያም ሄጄ ጃንጥላ ተሳልኩ፤ እሑድን ካሳለፈችልኝ። ታዲያ እመቤታችን ፊት ኮምፒውተር ብሎ መጥራት ከበደኝና “ከቤቴ የወደቀ አለብኝ” አልኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ሰምተውኝ ኖሮ፣ “ጸሎት እናድርግለት፣ የክርስትና ስሙ ማነው?” አሉኝ። ምን ልበል? የክርስትና ስም ያለው ነገር ከቤቴ የማውቀው ልጄን ነው፤ የማህሌትን ሰጥቼ ሸሸሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጤነኛ ልጄን በሽተኛ አደረግኳት ብዬ ስባባ መጣሁ። በኋላ ሳስበው ግን ለእሷም ያስፈልጋት ነበር። ቤት ስገባ ኮምፒውተሩ ወድቋል።

ቢሆንም ማህሌት ሥራዋን ጨረሰች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አሠራችው፤ ሲሠራ አይወድቅምና አልወደቀም። ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። እፎይ አልን።

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። ሥጋው ተበላ፣ ጠላው ዞረ። የሙሽራዋ ወገን በአንድ በኩል፣ የሙሽራው ወገን በሌላ በኩል ተቀምጠው በመሀል ባዶ ቦታ ትተዋል፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁት ሁለቱ ሙሽሮች ብቻ ይመስላሉ። ረጅሟ አክስት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ወፍራም መነጽር አድርገው፣ ክንዳቸውን አጣምረው። ማህሌት ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች። ቴሌቪዥኑ አልቀበልም አለ። ነቅላ ሰካች። አልቀበልም አለ።

“ወንበሩስ ይሁን” አሉ አክስትየዋ፣ ለማንም ሳይሆን።

እትዬ አስካለ ፊታቸው አመድ መሰለ። ማህሌት ወደ ጆሮዬ መጣች። “ኮምፒውተሩን አውርደን ከቴሌቪዥኑ ጋር እናገናኘዋለን። ሌላ መንገድ የለም።”

ጋሽ ታደሰ ሳጥኑን ተሸከሙ። “መንገድ፣ መንገድ፣ ሕመምተኛ ነው” እያሉ ደረጃውን ወረዱ። እኔ ማውሱን ይዤ ተከተልኩ። ጠረጴዛ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀመጠ፣ ሳጥኑ ተሰካ፣ ቪዲዮው ተከፈተ። ማህሌት ወንበሩን ስትስብ ዘምዘም ከኋላ፣ “አንቺ ተነሺ፣ እናትሽ ትቀመጥበት” አለች። እትዬ አስካለም “አዎ፣ እሷ ትቀመጥልኝ” አሉ። ብሎኩ ሁሉ ደገፈ። ማህሌት ለመከራከር አቅም አልነበራትም። “ቁጭ በይ እማ። ከወደቀ ጥሪኝ” አለችና ድንኳኑ ጥግ ሄዳ ቆመች።

እኔ ያለሁት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው፤ ሰዎቹን አያለሁ እንጂ ሥዕሉን አላይም። ዘፈኑ ጀመረ። እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ ማማሰሌን ያዝኩ። ዛሬማ እንዲያሸልብ አልፈቅድለትም። መጀመሪያ ሰዉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ፣ “ምንድነው እሱ ነጭ ነገር?” የሚል ሰማሁ። ሌላው፣ “ቀስት ነው፤ ሙሽራዋን ይዞራታል” አለ። “አሁን ደግሞ አባትየው አፍንጫ ላይ ቆመ።” ሳቁ በዛ። እኔ በቪዲዮው ይመስለኛል የሚስቁት፤ ልጄ ሰው አሳቀች ብዬ ደስ ብሎኝ የበለጠ አማሰልኩ።

ማህሌት ዞራ መጣች። እጄን አየች።

“እማ። ምን እያደረግሽ ነው?”

“እያማሰልኩት።”

“ያኔ ሁሉ… ጠብቂልኝ ብዬሽ ስወጣም እንዲህ ታደርጊ ነበር?”

“ዓይኑ እንዳይከደን ብዬ ነዋ።”

ከጠረጴዛው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። አለቀሰች ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ ትስቃለች።

“ሥራ ሲበዛበት መብራቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል እማ” አለችኝ በሹክሹክታ። “ሲያርፍ ራሱ ዝቅ ያደርጋል። እኔ ከሁለቱም ላይ እኩል ቀነስኩበት። ሲሠራ የቀረው ይበቃዋል። ሲያርፍ የሚወስደው ግን ድሮም ትንሽ ነው፤ ከሷ ላይ ስቀንስ መቆሚያ አጣ። ለካ የሚወድቀው ሲያርፍ ነው። ምሳ ስንቀርብ የወደቀው ትተነው ስለተነሳን ነው። እኔ የፈተንኩት ሲሠራ፤ ሲያርፍ እንድታዪልኝ አንቺን አስቀመጥኩ፤ አንቺ ደግሞ አላሳረፍሽውም።”

የገባኝ ግማሹ ነው፤ ግማሹ ግን በቃኝ። ጸጋዬ እዚያው ላይ አለቀ። ሳምንቱን ሙሉ ልጄ የምትፈልገውን በሽታ በእጄ ሸፍኜባት ኖሬአለሁ።

“እንግዲያው ልልቀቀው?”

“እንዳትለቂ። እስኪያልቅ እንዳትለቂ።” ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ነገ ትንሽ እመልስለታለሁ። ብዙ እንዳይሞቅ፣ አንቺ እንዳትፈሪ፣ ትንሽ ብቻ” አለች።

“ሁሉንም መልሺለት” አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ገረመኝ። “ይሙቅ። ከፈለገ ይንደድ። አንቺ ብቻ ሥራሽን ሥሪ።”

ማህሌት እጄ ላይ እጇን ጫነችና ቀስቱን ወደ ጥግ፣ ሰው ወደማያየው ቦታ ወሰደችው። “እዚህ ጋ ብቻ ትንሽ ትንሽ አንቀሳቅሺው” አለች።

ሳቁ ቆመ። ከዚያ የረጅሟ አክስት ድምፅ መጣ።

“ቀስቱ የት ሄደ?”

ሰዉ ዞር ዞር ብሎ አያቸው።

“ምነው፣ ዓይኔ ደካማ ነው። በቀስቱ ነበር እኮ የምከታተለው። መልሱልኝ።”

ማህሌትና እኔ ተያየን። ቀስቱን መለስኩ። “እንዲያ ነው” አሉ አክስትየዋ። “እስቲ ያ ከአባትየው ጎን የቆመው ላይ አድርጉት። ማነው እሱ?”

ከጀርባ ሆኜ ማየት ስለማልችል ጋሽ ታደሰ ወንበሬን ጎትተው ከነማውሱ ወደ ፊት አወጡኝ፤ ገመዱ ሲያጥር ጠረጴዛው ራሱ ተከተለኝ። ያኔ ሥዕሉን አየሁት። ልጄ የሠራችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየሁት፤ የሚያምር ነገር ነበር። ቀስቱን ሰውየው ላይ አደረግኩ።

“ወንድሜ ነው” አሉ እትዬ አስካለ። “እዚያ ጋ የተቀመጠው ነው። ተነስ እስቲ አንተ፣ ሰላም በላቸው።”

ተነሳ። ከባዶው ቦታ ማዶ አንዱ ተነስቶ ጨበጠው። “ይህችኛዋስ?” አለ ሌላው ከሙሽራው ወገን። “እሷ የእኛ ናት፣ የእናንተ ከጎኗ ያለችው ናት።” “የእኛ? የእኛስ ያቺ አጭሯ ናት።” እኔ ቀስቱን ከሰው ሰው ላይ አዞራለሁ፣ ድንኳኑ ይጠራል፣ የተጠራው ይነሳል፣ ይስማል። ማህሌት ማቆሚያውን እየተጫነች ሥዕሉን ትይዝልኛለች። መሀል ላይ የነበረው ባዶ ቦታ መቼ እንደሞላ አላየሁም።

ሲያልቅ አክስትየዋ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱና ወደ እኛ መጡ። እትዬ አስካለ ከኋላ ትንፋሻቸውን ይዘው ይከተላሉ። አክስትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ።

“ይህን የሠራችው አንቺ ነሽ?” አሏት ማህሌትን።

“አዎ እትዬ።”

“ልጄን የምድረው ከፋሲካ በኋላ ነው። አንቺ ትሠሪልኛለሽ። ግን ከነቀስቱ።”

“ቀስቱ…” አለች ማህሌት ወደ እኔ እያየች፣ “እናቴ ናት።”

“እናትሽም ትምጣ። ምን ችግር አለው?”

እኔ ማውሱን ገና አልለቀቅኩም። ወደ ልጄ ጠጋ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ “ከፋሲካ በኋላ እዚህ ነሽ እንዴ?” አልኳት።

ማህሌት ወደ አክስትየዋ ዞረች።

“ቀኑን ይንገሩኝ እትዬ” አለቻቸው። “ሌላ ሥራ እንዳልይዝበት።”